ልኩ

ከሌሊቱ አስር ነው፤ ቤት ጃን ተኝታለች፣
የናዚህ መኪና የሜሮንን ዳገት እያሳለች ትወጣለች።
ከኋላ ሂሊየም፣ አንድ ሲሊንደር፣ ከባድ፣
ነጭ ፊኛ፣ ባትሪ፣ የተጠቀለለ ገመድ፤
የእርጎ ዕቃ የምታህል ሣጥንም አለች፣
ሙቀትና እርጥበት ቆጥራ የምትልክ፤ እሷም ተኝታለች።

«ምንድነው ሥራችሁ?» ላለን ሰው መልሳችን አጭር ነው፦
ምድር የነካችው፣ አቧራና ጢሳችን የሞላው
ይህ የታች አየር፣ ከላይኛው ጋር የሚካለልበት
ድንበር አለው፤ እሱን እንለካለን፣ በየዕለቱ፣ በየሰዓት።
«ድንበር» ስንል ሰዉ ወደ ሰሜን ዞር ይላል።
አይ፣ ወደ ላይ ነው፣ ብለን እንጠቁማለን። ያኔ ይስቃል።

ሜዳ ላይ ቢሆንማ ሥራው ባልከበደ፣
ጠዋት ከጉልበት ተነሥቶ ቀትር ሺህ ሜትር በሄደ፣
ማታም ተመልሶ ሣር ላይ በወረደ።
ተራራ ግን አመል አለው።
ምሥራቁ ገጽ ሲሞቅ ምዕራቡ ገና ብርድ ልብሱን አልገፈፈም፤
ነፋስ ሽቅብ ይሳባል፣ ሸለቆው ግን ከጉም እቅፍ አልወጣም።
የበሉጡ ጫካ በአናቱ ፀሐይ እየጠጣ
ሥሩ ውስጥ ሌሊቱን ሸሽጎ ያቆየዋል፣ እንዳይወጣ።
ደግሞስ ከየት ጀምረን እንቁጠር? ከአፈሩ? ከቅጠሉ ጫፍ?
ከባሕሩ? ወይስ ከእግራችን ሥር፣ ከዚህ የድንጋይ ደፍ?
ሜትሩን ዘርግተህ ዜሮው ከጠፋብህ
መቶ ብትል፣ ሺህ ብትል፣ ማን ይፈርድብህ?

በአጥሩ ጥግ የቆመው የጨረር መሣሪያ
ሽቅብ እየወጋ ይፈልጋል፣ የአቧራውን ማብቂያ።
ዛሬ ሦስት ጣሪያ አገኘ፦ ሁለት መቶ አርባ ነው፣
ስድስት መቶ አስር ነው፣ ሺህ አንድ መቶ ነው፤
ምስክሩ በዛና ዳኛውን ግራ ገባው።
ዶክተር ሔድቫ ከሃይፋ ደወለች፣ እንቅልፍ አለ ድምፅዋ ላይ፦
«አንድ ቁጥር ስጪኝ። ሞዴሉ ሦስት አያውቅም፤ ለአንድ ጫካ አንድ ሰማይ።»

ፊኛውን ለቀቅነው። ናዚህ ክሩን ከጣቱ ሲያላቅቅ
አንዴ ወደ ጎን ሸሸ፣ አንዴ ዞረ፣ ከዚያ ወጣ ሳይጠይቅ።
አስር ደቂቃ ሳይሞላ፣ ስክሪኑ ላይ፣ ሣጥኗ አገር ዘለለች፤
«ቤሩት ነኝ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ» አለች።
ከወዲህ ይሁን ከወዲያ፣ አንዱ የሳተላይቱን ምልክት ያውካል፤
ተለምዷል።
ናዚህ ሳቀ፦ «አየሽ፣ ፓስፖርትም ሳትጠየቅ!
የአያቴ ወንድም ልጆች እዚያ ናቸው። በመልክ አንተዋወቅ።»
ከዚያ ሳቁን አቆመ፤ ጓንቱን አወለቀ።

ሣጥኗ ቦታዋን ዋሸች እንጂ ሙቀቱን አልዋሸችም፤
ግፊቱንም ስትነግረን አላመነታችም።
ብርዱ እየባሰ ሄዶ ሄዶ፣ ባንድ ነጥብ ላይ ዞረ፣ ሞቀ፤
እርጥበቱም በር እንደተዘጋበት ባንዴ ደረቀ።
ሦስት መቶ ሰማንያ። ከሦስቱ ጣሪያ አንዱም አይደለም።
ጎህ ሲቀድ ቀና አልኩ፦ ከሸለቆው የወጣ ጢስ
እዚያው ግድም ደርሶ፣ እንደ ደከመው መንገደኛ፣ ጋደም።
ከኛ ምድጃ ይሁን ከማዶው፣ አልለይም ነበር፤
ከአንድ ጣሪያ ሥር ተዘርግቷል፣ በሁለት አገር።

ቅጹ ላይ ቁጥሩን ሞላሁ። ከጎኑ በእርሳስ፣ በአማርኛ፦
«ልክ አይደለም። ልኩ ግን ይኸው ነው፣ ለኛ።»

በአራተኛው ቀን ሣጥኗ ተገኘች፣ ከናዚህ አክስት የፖም ማሳ።
«አደገኛ አይደለም፣ ያገኘ ይደውል» በሦስት ቋንቋ ተጽፎባታል፤
ወይዘሮ ሱሐይላ ግን ቅርንጫፍ ላይ ሰቅላታል።
«ወፍ ታባርርልኛለች፤ አልመልስም!» አለች፣ መሰላሉን ይዛ።
ምን ልበላት? ሜትሬን ከኪሴ አወጣሁ፣
ከአፈሩ ጀምሬ እስከ ሣጥኗ ለካሁ፦
ሁለት ሜትር ከሃያ።
ይሄኛው ልክ ነው።