ሠላሳ ሦስት ድንጋይ

የማዕዘን ድንጋይ ካጥሩ ሥር ላነሳ
ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ፤ ቀና ማለት ረሳ
ይህ ወገቤ።
«ቀጭ» አለ መሀሉ፣ እንደ በጋ ጭራሮ፣
ሕመሙ ወረደ እንደ ክራር ጅማት ከሮ፣
ታፋዬን ሰንጥቆ፣ ባቴን ተሻግሮ፣
አውራ ጣቴ ላይ ቆመ።
እሱ እዚያ ሲቆም፣ እኔ መቆም አቃተኝ፤
ሠራተኛው ሁሉ ተሯሩጦ ከበበኝ፣
ከፋሲል ግቢ በር በባጃጅ ወሰዱኝ፣
በየጉድጓዱ ላይ እናቴን እያስጠሩኝ።

ሆስፒታል ያገኘኋት አትጠገብ ትባላለች፤
ወጌሻ አይደለችም፣ አጥንት ግን ታውቃለች።
ከቁም ሳጥን አወጣች የሰው አከርካሪ፣
የፕላስቲክ ነው፤ ሲነኩት ተንቀጫቃጭ፣ ሲይዙት ተሽከርካሪ።
«ይቁጠሩት፣ ጋሽ ደባሱ።» ቆጠርኩት በጣቴ፤
ድንጋይ ስቆጥር ነው ያለቀው ሕይወቴ።
ሰባት አንገት ላይ፣ ቀለል ቀለል ያሉ፣
የላይኛው «እሺ»፣ የታቹ «እምቢ» የሚሉ፤
ደረት ላይ አሥራ ሁለት፣
ጎድን እንደ ወራጅ ግራና ቀኝ የተሰካበት፤
ወገብ ላይ አምስት ብቻ፣ ግን ወፋፍራም ናቸው፣
የላዩ ሁሉ ሸክም የሚያርፍባቸው፤
ከዳሌው መሀል ደግሞ አምስት፣ በልጅነት ለየብቻ፣
ሲጎረምሱ ተጣብቀው የቀሩ እንደ ጋብቻ፤
ከሥር አራት ጠጠር፣ ከመቀመጫ።
«ሠላሳ ሦስት!» አልኳት።
«ልክ» አለች።

ልክ?
ቱንቢዬ ከኪሴ አትለይም፤ አወጣኋት፣
ካናቱ ላይ ይዤ ቁልቁል ለቀቅኋት።
አንገቱ ወደፊት፣ ደረቱ ወደኋላ፣
ወገቡ ደግሞ ወደፊት፤ መላ የለው፣ መላ!
«ይህን የገነባ ውሃ ልክ አያውቅም፤
እኔ እንዲህ ብገነባ ማንም አይከፍለኝም።»

ሳቀች። «የግቢውን በር በቅስት የሠሩት
ጠማማ ወደው ነው? ሸክሙን ሊያካፍሉት!
አከርካሪም ቀጥ ቢል እንደ ስልክ እንጨት፣
አንዲት ዝላይ ትበቃ ነበር ናላ ለመበጥበጥ።»
ዝም አልኩ። ቅስት አዋቂው እኔ ነበርኩ፤ ተረታሁ።

«እሺ፣ በየድንጋዩ መሀል ኖራው የታለ?»
«ኖራማ ይደርቃል፤ ዲስክ ግን ርሶ ነው የሚኖረው፤
ዙሪያው እንደ ሰሌን ተደራርቦ የተገመደ፣
መሀሉ የተልባ ልጋግ።
ቀን ሲሸከም ውሃውን ያጣል፤
ሌሊት ሲተኙ መልሶ ይጠጣል።
ማታ ያጥራሉ፣ ጋሽ ደባሱ፤ ጠዋት ይረዝማሉ።
የእርስዎ፣ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መሀል ያለው፣
ዙሪያው ተቀዶ፣ ልጋጉ አፈትልኮ፣ ነርቩን ረገጠው።»

ከኋላ በኩል ደግሞ ድንጋዩ ቀዳዳ አለው፤
ሲደረደር ቦይ ነው።
በዚያ ቦይ ይወርዳል ህብለ ሰረሰር፣
የጭንቅላትን ቃል ለእግር ሊነግር፤
ወገብ ጋ ሲደርስ ይበተናል፣
ያባቴን ጭራ መስሎ፣ ዝንብ የሚያባርርበትን።
ሰረሰር! ሌሊቱን ሙሉ ሲሰረስረኝ
ስሙን አላውቀውም ነበር።
አርባ ዓመት ግንብ ስጠግን ድንጋይ ድንጋዩን አየሁ፤
ግንብ የሚቆመው ለውስጡ እንደሆነ እዚያ ክፍል አወቅሁ።

አሁን ሳሙና በር፣ ቤቴ ነኝ።
ልጆቹ ከሥራ ሊጠይቁኝ ሲመጡ አስተምራለሁ፦
ጉልበት ይታጠፍ፣ ጀርባ አይጠምዘዝ፣ ድንጋዩ ደረት ይጠጋ።
ይስቁብኛል። ሃያ ዓመታቸው ነው።

በበሩ መቃን ላይ በከሰል እንለካለን፦
ጠዋት ስነሳ አንድ መስመር፣ ማታ ሳልተኛ አንድ።
የልጅ ልጄ ሶልያና ናት፣ ወንበር ላይ ወጥታ የምታሰምረው፣
ምላሷን አውጥታ፣ ትንፋሽ ይዛ።
በሁለቱ መሀል የትንሽ ጣቷ ወርድ፤
ቀኑ የወሰደብኝ፣ ሌሊቱ የሚከፍለኝ።
ሚስቴ መቃኑን ቀለም ላስቀባ ትላለች።
«ቆይ» እላታለሁ፣ «የዛሬው ማታ ገና አልተሰመረም።»