ሰባት ድምፅ

ቤታችን ፖርት አርተር፣ ከማጣሪያው ማዶ፣
ሌሊት የማይጨልም፣ ሰማዩ ነዶ ነዶ፤
አባቴ ጀልባውን ከጋራዥ አውጥቶ
ለራንደል ለቀቀው፣ በሩን በፍራሽ ዘግቶ።

አራት ነበሩ፦ ራንደል ጊታርና ጩኸት፣
ሊዮን ጊድሪ ከበሮ፣ ክንዱ መቅዘፊያ ዓይነት፣
ማርሴሎ ሴጉራ ቤዙን እንደ ጡት ልጅ ያቀፈ፣
ኮይ ስቲልዌል ኦርጋን፣ ሁለት ቁልፉ የረገፈ።
ስማቸው ሐምራዊ ጉንዳኖች።
ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፤
በዚያ ዓመት ሁሉ ነገር ሐምራዊ ነበር፣
የእናቴ መጋረጃ እንኳ አልቀረም።

አንድ ቀን በቦሞንት፣ ከጎማ ቤት ኋላ፣
ባለ አንድ ማይክ ክፍል፣ በሰዓት አሥር ዶላር ሲበላ፣
ሁለት ዘፈን ቀዱ። ጊታሩ በተቀደደ ስፒከር
እንደ ተነካ ቀፎ ያጓራ ነበር።
ሦስት መቶ ሸክላ። "መስኮቱ ቀለጠ" ተጻፈበት፤
ጀርባውን እናቴ ብቻ ሰማችው፣ እሱም በስሕተት።

ከዚያ ሬዲዮ።
ጋርላንድ ፕሩዊት፣ የሌሊቱ ሰው፣ እስከ ንጋት፣
አንድ ሺህ ዋት ብቻ፣ ግን ለባሕረ ሰላጤው ዓሣ አስጋሪ መብራት።
"ሰው ከጠየቀ አጫውተዋለሁ" አለ፣
ሸክላውን ከሌሎች ላይ እየቆለለ።

ሰው ጠየቀ።
ሰውየው እኔ ነበርኩ።

አሥራ አራት ዓመቴ፤ የወጥ ቤቱን ስልክ ሽቦ ስቤ
ከማቀዝቀዣው ጎን ተወትፌ፣ ብርድ ልብስ ደርቤ፣
አንዴ የወደብ ዘበኛ ሚስት፣ ድምፄን አወፍሬ፣
አንዴ ነርስ፣ "ለሕመምተኛዬ" ብዬ በአፍንጫዬ ተናግሬ፣
አንዴ ባሏ የከዳት፣ አንዴ ጎረቤቷ የለመናት፣
አንዴ ወንድ፣ በያጅ፣ እሳቱ ዓይኑን የለበለበበት።
ሰባት ሰው ወጣ ከአንድ ጉሮሮ፤
ጋርላንድም በየተራ ጋበዛቸው፣
ኦርጋኑ ሲንገዳገድ እንደ ሰከረ ዶሮ።

አሥራ አንድ ሳምንት ሌሊት ሌሊት ዘለቀ።
ከሌክ ቻርልስ ስልክ መጣ፤ እውነተኛ ሰው ጠየቀ!
በስኬቲንግ አዳራሽ ተጫወቱ፣ በሽሪምፕ በዓል፣ በአንድ ሠርግ፤
(ሙሽራዋ አለቀሰች፣ በምን እንደሆነ አልታወቀም።)
የቀን አጫዋቾቹ "ጩኸት ነው" ብለው ሰረዙት፤
የሂዩስተን ኩባንያ ጻፈ፦ "ኦርጋኑን ቀንሱት።"
አልቀነሱም።

በጥቅምት ሌላ ደብዳቤ፣ ለሊዮን፣ ከመንግሥት።
ጉንዳን ያለ ከበሮ ይሰለፋል በየትኛው ምት?
ማርሴሎ ማጣሪያው ገባ። ኮይ ኦርጋኑን ሸጠ።
ራንደል ጀልባውን ወደ ጋራዥ መለሰ፣ ወሬውንም ቆረጠ።
የቀረው ሸክላ በሣጥን፣ በአባቴ መኪና ተረስቶ፣
በነሐሴ ሐሩር ተበላሸ፣
ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ወደ ውስጥ ገብቶ።
ሰሙ፣ ሰሙ ሲባል፣ ሰሙ ነው የቀለጠው፤
መስኮቱማ ይኸው፣ ጭረትም አልነካው።

ሊዮን ተመለሰ፣ ግን ዱላ መያዝ አልቻለም።
ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ጋርላንድን ያገኘሁት ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣
አራተኛ ፎቅ፣ ሳንባው እንደ አሮጌ ሬዲዮ ሲንሿሿ፤
እኔ በነጭ ልብስ፣ ያለ ውሸት ነርስ።
ቱቦውን ከአፍንጫው ገፋ አድርጎ፦
"የወደቡ ዘበኛ ሚስት ደህና ናት?" አለኝ።
ያውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ስልክ።
ሰባቱም ሰዎች ቤት አንድ ማቀዝቀዣ ያጓራ ነበር፣
ያው ሳል፣ ያው መንቀጥቀጥ፣ ያው ፋታ።
"ታዲያ ለምን አጫወትከው?"
ጥቂት አሰበ። "ማቀዝቀዣሽና የወንድምሽ ጊታር" አለ፣
"ቅኝታቸው አንድ ነበር።"

ራንደል አሁን አርጅቷል፤ ለልጅ ልጆቹ ያወራል፦
"ሰው ሌሊት እየተነሣ ይጠይቀን ነበር፤
በያጅ፣ የዘበኛ ሚስት፣ አገር ምድሩ።"
እኔ ሳህን አጥባለሁ።
"አንዲት ነርስም ነበረች" ይላል።
ወደ እኔ አያይም።