ቀዩ ጨርቅ

ዶን አርሴኒዮ ማንሲላ፣ የአራተኛ ክፍል መምህራችን፣
የመልሕቅ ገመድ ከጀልባው ፈትቶ ይዞ ገባ ክፍላችን፤
ጨው ጨው የሚሸት፣ መዳፍ የሚሻክር፤
ጫፉን በበሩ እጀታ ጠምጥሞ ሲያስር፣
ከወገቡ ላይ ቀይ ጨርቅ ሲቋጥር፣
«ዛሬ» አለ፣ «ስለ ባሕር ያለ ባሕር እንማር።»

ውጭ ይዘንባል፤ የቺሎዌ ሰማይ መዝነብ አይሰለቸውም፤
ምድጃ ዳር የሰቀልነው ካልሲ እስከ ደወል አይደርቅም።
ነፋስ ግን የለም። ዝናቡ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

ክንዱን አንዴ ከፍ ዝቅ፦ ጉብታ ተወለደ፣
ከምንጣፍ ሥር እንደገባች አይጥ ወደ በሩ ነጎደ፤
ጨርቁን አነሣው፣ አወረደው፣ ትቶት ሄደ፤
ከበሩ ተላትሞ ሲመለስ ጀርባው ሆድ ሆኖ ወረደ፤
ጨርቁ ግን እዚያው ነው፣ ስንዝር አልተራመደ።
«ታዲያ» አለ፣ «እስከ በሩ ደርሶ የመጣው ማነው?»
«ገመዱ!» አልኩ። ሣቁብኝ። ገመዱ እጁ ላይ ነው።

ኦርፌሊና ቺጉዋይ ቀስ ብላ «መልእክት» አለች።
«መጽሐፉ ‹ጉልበት› ይላል፤ ያንቺዋም ቃል አልከፋች።»

ከበሩ ፈታው። አንዱን ጫፍ ለእሷ፣ ሌላውን ለእኔ።
(አባቶቻችን በመረብ ተጣልተው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣
በአንድ ወደብ እያደሩ፣ እንደምን ዋልክ ሳይባባሉ።)
እኔ ወደ ላይ፣ እሷ ወደ ታች፣ እኩል ነዘርን፤
ጨርቁ ላይ ሲገናኙ ገመዱ ቀጥ አለ። «ተጠፋፉ!»
ወዲያው ግን የእሷው ወደ እኔ፣ የእኔው ወደ እሷ አለፉ፣
ሳይጎድሉ፣ ሳይቀላቀሉ፣ ሳይዘነፉ።
«ቀጥ ሲልባችሁ» አለ፣ «ያኔ ነው ገመዱ ግራ ቀኙ የሚፈጥነው፤
መሀል ቆሞ ያልተነቃነቀ፣ ጨርቁ ብቻ ነው።»

ከዚያ ዝም። መስኮቱን በእጅጌው ጠረገው፤
ከሩቅ የሚመጣ ሰፊ ጀርባ፣ አረፋ የሌለው፤
አንዱ ወርዶ ሌላው እስኪነሣ ሰዓቱን ይዞ ቆጠረ፤
«አሥራ ስምንት ሰከንድ» አለ፤ ድምፁ ተቀየረ።
«እንዲህ የረዘመውን ሞገድ የእኛ ሰፈር ነፋስ አልወለደውም፤
ደቡብ፣ እጅግ ሩቅ፣ ማዕበል ተነሥቷል።
ረጃጅሞቹ ፈጣኖች ናቸው፣ ቀድመው ይደርሳሉ፤
እነዚህ ገና ዝቅ ያሉት ናቸው፤ ትልልቆቹ ከኋላ አሉ።
ዛሬ ማታ ማነው የሚወጣ?»
«አባቴ» አለች ኦርፌሊና።
«ኤላዲዮ፣ አንተ ሩጥ» አለ። እኔን!

ሮጥኩ። አንድ ጫማዬን ጭቃው አስቀረው።
ቺጉዋይ ከጀልባው ዳር መረቡን ያጥፋል።
«አሥራ ስምንት ሰከንድ» አልኩት። ሌላ ቃል አልነበረኝም።
ፊቴን አየ፣ የአባቴን አፍንጫ። ባሕሩን አየ።
አልመለሰልኝም።
መረቡን ጣለ፣ ጀልባውን እስከ ሣሩ ጎተተ፤
ተመልሶ ወረደና
የእኛንም ጎተተ።

ከአባቴ ጋር እስኪሞቱ አልተነጋገሩም።
ገመዱ ወደ መልሕቁ ተመለሰ፤ ጨርቁን ግን የፈታው የለም፤
ከስንት ዓመት በኋላ አየሁት፣ ቀለሙ ተሟጦ፣
ሲነሣ፣ ሲወርድ፣ ሲነሣ፣
እዚያው።