በእጅ ሲዞር

ታታታታ ይላል፣ መርፌው ሲወርድ ሲወጣ፤
ታታታታ ይል ነበር ያን ሌሊት፣ ወንድሜ አዛናው ሳይመጣ።
የስፌት መኪናዬን በማዳበሪያ ሸፍኜ
ዓመት ከመንፈቅ ኖርሁ፣ በር ሲንኳኳ ከአልጋ ሥር ሆኜ።
«እርሺው» አሉኝ። መርሳት በምን ክር ይሰፋል?
የአዘዞ ሚኒባስ ጎማ ሲፈነዳ፣ ሰው ስቆ ያልፋል፤
እኔን ላብ ያጠምቀኛል።

አንድ ማክሰኞ፣ ዝናቡ ከአንገረብ በኩል ሲያጉረመርም፣
የጎረቤት ልጅ ዩኒፎርሟን ይዛ መጣች፣ ትከሻው ተተርትሮ።
እናት የላትም። እሺም እምቢም አላልሁ።
ማታ ፔዳሉን ትቼ መዘውሩን በእጄ አዞርሁ።
ታ።
ቆምሁ። ትንፋሼን ቆጠርሁ።
ታ።
ሲነጋ አንድ ትከሻ ሰፍቼ ነበር።

ያ ሌሊት አስተማረኝ አልልም፤ ምስጋና የለኝም።
የአዛናው ጫማ አሁንም በር ሥር ነው፣ አላነሳሁትም።
ብቻ ጨርቅ ሲሰጡኝ፣ የት ሊቀደድ እንደሚያስብ
ዐይኔን ጨፍኜ በጣቴ አውቃለሁ።

አሁን ዝማም ትመጣለች፣ ከገጠር ተፈናቅላ፤
መኪናው ሲነሳ ጆሮዋን ትይዛለች።
መዘውሩ ላይ እጇን አስቀምጬ
«ቀስ» እላታለሁ፣ «ፍጥነቱ ያንቺ ነው።»

ትናንት ፔዳሉን ረገጠችው።
ታታታታ!
ሁለታችንም ከወንበር ዘለልን።
ተያየን።
«ድገሚው» አልኋት።