የሞክሌስ መዳፍ

ከኩልና በታች፣ ከግድቡ ማዶ፣
የሮሂማ ጓሮ ከወንዙ ወርዶ፣
ቀርከሃ ቆመና ቱቦ ተቀጠለ፤
አንዱ ጎን ተነሣ፣ አንዱ ጎን ዝቅ አለ።

የአማቷ ጉድጓድ ጨው ስለሆነባት
ሞክሌስን ጠራች፣ ጥልቁን እንዲጠይቅላት።
ሁለት ጎረምሶች ማንሻው ላይ ይዘላሉ፣
ሽቅብ ያሉትን ያህል ቁልቁል ይመለሳሉ።
እሱ ግን ከላይ ነው፣ በመዳፉ ከድኖ
የቱቦውን አፍ፣ ለምድር ክዳን ሆኖ፤
ሲነሣ ይዘጋል፣ ሲወርድ ይለቃል፣
ጭቃው ከጣቶቹ መሃል ይፈልቃል።

አርባ ዓመት እንዲህ ነው። መጽሐፍ አያውቅም፤
ጭቃውን ሳይቀምስ ቃል አይተነፍስም።

«ይሄ አመዳም ጭቃ የአያቴ ጎርፍ ነው፣
ሁለት በሬ ወስዶ ጎጆ ያፈረሰው።
ይሄ ደሞ ጥቁሩ፣ እንጨት እንጨት 'ሚለው፣
የማንግሮቭ ሥር ነው፤ ቆሞ ነው የሰመጠው።»

አርባ ክንድ ከእግራችን በታች፣ በጨለማ፣
ጫካ ቆሟል እንግዲህ፣ ወፍ የማይሰማ።

ማን ቀበረው? ማንም።
መሬቱ ነው የሸሸው፣ በዓመት አንዲት ጥፍር፣
ወንዙ ነው የሞላው፣ በአፈር ላይ አፈር።
የሞላው ይከብዳል፣ የከበደው ይሰምጣል፣
የሰመጠው ደግሞ ለሚመጣው ቦታ ይሰጣል።
ባይሰምጥ ኖሮማ ባሕር ይጠርገው ነበር፤
የቀረልን ሁሉ በመስመጡ ነው 'ሚኖር።

ሮሂማ ግን ስቃ፦ «ለኔ ምኑ በጀኝ?
ደፌን ሦስቴ ባነሣው ውሃው ቀደመኝ።
ግድቡ ከታጠረ ወንዙ ደለል ነፈገን፤
መስመጡ አልተወን፣ መሙላቱ ግን ተወን።»

መቶ ሃያ ክንድ ላይ የቱቦው ድምፅ ተለየ፤
ሞክሌስ እጁን ገልጦ ወደ ፀሐይ አየ።
አሸዋ ነው፣ ሻካራ፤ በመሃሉ ሚካ፣
እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብለጨልጭ ለካ።

ሞክሌስ ተራራ አያውቅም። ከዳካ አላለፈም።
በረዶ ለሱ የዓሣ ሣጥን ነው፤ የሰማይ ጠርዝ አይደለም።
ግን ሰሜን፣ ሩቅ ሰሜን፣ ሁለት ምድር ተጋፍቶ፣
ጥንት የባሕር ወለል የነበረው ወጥቶ፣
ደመና ሲነካ፣ ዝናብ ሲፍቀው ውሎ፣
በወንዝ ትከሻ ላይ ቅንጣት በቅንጣት ታዝሎ፣
እየተነሣ ነው፣ እየተሸረፈ፤
ከዚያ የጎደለው ነው እዚህ የተረፈ።

ተራራና ተራራ አይገናኝም ብንልም
እነዚያ ሁለት ምድሮች ተረቱን አልሰሙም።
ይኸው ደግሞ ዛሬ፣ ስንት ሺህ ዓመት ተጉዞ፣
ተራራው እጅ ነሣው፣ ብልጭታውን ይዞ።

ሞክሌስ ቀመሰው። ዝም አለ። ተፋው።
«ገና ነው። ጨው አለው።»
ሮሂማ ባልዲዋን አስቀመጠች መልሳ።
«ሁለት ቱቦ ጨምሩ።»
                    አንዱ ጎን ተነሣ።