ሰባተኛው በር

ሰኞ ገበያ ላይ፣ ከብረት ሱቁ ጀርባ፣
እቁብ ቀድሞ ወጥቶልኝ ጌም ቤት ከፍቼ ስገባ፣
ሁለት ቴሌቪዥን፣ አራት የፕላስቲክ ወንበር፣
ሰልፉም፣ ስድቡም፣ ሳንቲሙም ለኳስ ብቻ ነበር።

ያቺን ግን፣
ያቺን ባለ ግንቧን፣ ሰማያዊ ለባሽ፣
ዞር ብሎ ያያት የለም፣ አቧራዋን አባሽ።
ከአሮጌ ዕቃ ጋር በምርቃት የመጣች፣
ሽፋኗ የነተበ፣ ጀርባዋ የተጫረች፣
ለሚወላገድ ጠረጴዛ ከእግሩ ስር የገባች።

ነሐሴ ላይ፣ አንድ ቀን፣ ጦሳ ጉም ሲከናነብ፣
የኳሱ ሲዲ እንቢ ብሎ ልጁ ሊበተን ሲያስብ፣
ይመር፣ የጎሚስታው፣ ግሪስ የጠገበ እጁን
በሱሪው ጠረገና ጎንበስ ብሎ ሳባት።
ጠረጴዛው ዘመመ። ሻዬ ተደፋ። "ክፈታት!"

ስድስት በር አለፈ። ሰባተኛው ላይ ቆመ።
ቢመታው፣ ቢገፋው፣ ቢለምነው፣ በሩ ዝም።
"ሰይፉን ደጅ ጥሎ ለመጣ ነው የሚከፈት፣"
አለ ሲወጣ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ለማንም።

አበጋዝ ግን ሰማው፤ የኮምቦልቻ ታክሲ ረዳት፣
ድምፁ ከመኪናው ቀድሞ መናኸሪያ የሚገባ።
"የምን በር? ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ነው!
ቀለም አንኳኩቶ ማን አለ ቤት የገባ?"
ይመር "ወላሂ!" ቢል፣ አበጋዝ "በሚካኤል!" ሲል፣
ነገሩ ሲጦፍ ደግሞ መሐላ ተለዋውጠው፣
ያኛው በሚካኤል፣ ይሄኛው በአላህ ሲምል፣
ሻይ ሻጯ ሳቀች። እነሱ አልሰሟትም።

ሐረጎን ሲወርድ ወሬው፣ በየመታጠፊያው
አንዳንድ ቀንድ አወጣ፤ ጅራትም ሲቀጥል፣
ኮምቦልቻ ደርሶ፣ ከፋብሪካው በር ላይ፣
"ሙሽራ አለች" ተባለ፣ "ፀጉሯን የምታስተካክል።"
ሐይቅ ላይ ዓሣ አስጋሪው፣ "ውሃ ነው፣ ማዶ የለሽ ውሃ።"
ባቲ ላይ ግመል ሻጩ፣
ጌም ምን እንደሆነ በሕልሙም ያላየው፣
ከቀለሞቹ ወግኖ፣ ግመሉን ሳይሸጥ ዋለ፤
ፀሐይ እስክትበርድ ሲሟገት ነው የታየው።

ደሴ ተመልሶ ሲገባ፣ እኔው ባለቤቷ
ልለያት አልቻልኩም፣ በዝቶ ጌጣጌጧ።

ማስታወቂያ አልለጠፍኩ፤ ለጥሩምባ አልከፈልኩ።
ሰልፉ በማግስቱ በብረት ሱቁ ዞረ።
ሊጫወት የመጣው ጥቂት ነው፤ የበዛው
ባላንጣው ሲረታ በዓይኑ ሊያይ ነበረ።
"ሰይፍ ጣይ"፣ "ቀለሜ" ተባብለው ተቧደኑ፤
ይመር ያበጋዝን ጎማ አልለጥፍም ብሎ
ታክሲው ግማሽ ቀን ቆመ፤ ተሳፋሪው ወርዶ፣
"ጌም ቤቱ በየት ነው?" አለ ተከታትሎ።

ጦይባ ብቻ፣ የሆጤዋ ተማሪ፣ አትከራከርም፤
ለጁምዓ ሰው ሲወጣ፣ ቤቱ ጭር ሲል ትመጣለች።
ሰይፉን መሬት ጥላ፣ ወይ ሳትጥል፣ አላየሁም፣
ሳንቲም በአስር በአስር ስደረድር፣ "ጋሼ፣ አየህ?" አለች።
ቀና ስል ስክሪኑ ሰማያዊ። ባዶ። ቀጥ።
ጭረቱ ነው፣ አልኩ በልቤ፤ ሲዲዋ እዚያ ላይ ታማለች።
"እባክሽ እንዳትናገሪ" ልላት ከንፈሬ ሲላቀቅ፣
ሒሳቧን አስቀምጣ ወጣች።

ደጅ ላይ ከበቧት። "ገባሁ" ብቻ ብላ ሳቀች።

ሦስተኛ ቴሌቪዥን ገዛሁ። እቁቤን ከፍዬ ጨረስኩ።
ጠረጴዛዬ ዛሬ በኳሱ ሲዲ ነው የቆመ።
ሌሊት ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል፤
እኔ ሳንቲም ሳይ፣ ከሰማያዊው በፊት፣ ምን ነበር የቀደመ?

ቅዳሜ ዕለት ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላ አንድ ጎረምሳ፣
"ያቺ ልጅ ያየችው ጨለማ ነው፣ ሌላ የለም" ቢል፣
ጆሮዬ ጋለ። ዞርኩ። "ማነው የነገረህ?
እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ስማ፣ ልንገርህ!" ስል፣
ታክሲው ጸጥ አለ። ሐረጎ ጠመዘዘን።
አበጋዝ ሒሳብ መቀበሉን ረሳ።