ሳላ ሳላይ

ሻርጃ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ሌሊቱ ተጋምሷል፤
የኤሲው ጠብታ ባልዲውን አጋምሷል።
ቦሩ ከሲፈን ደብተር አንድ ገጽ ገንጥሎ፣
መንገድ ያሰምራል እርሳሱን አሹሎ፤
«እዚህ ጋ አስፋልቱ ያልቃል» አለኝ ቀስ ብሎ፣
የአስፋልት ማለቅን የምሥራች አስመስሎ።

የኔ ዕረፍት ሐሙስ ማታ ይጀምራል፤
የሱ ቅዳሜ ሌሊት በስድስት ያበቃል፤
ሁለቱ ሲጋጠሙ፣ ሁለት ሌሊት ተኩል።
«ተኩሉስ ምን ሊሆን?»
«መንገድ ነው። ልጆቹ ይተኙበታል።»

ካራቫኑ የጉልዛር ነው፣ የጋራዡ ጌታ፣
ግማሹ በኪራይ፣ ግማሹ በውለታ።
ፍሬኑን የሠራው ራሱ ቦሩ ነው፤
እኔን የሚያስፈራኝ እንግዲህ ይኸው ነው።
አልጋው ሁለት፣ እኛ አራት፤ በሩ አይገጥምም፤
ግድግዳው ላይ ያለው ኡርዱ ነው፣ አይገባንም።
ናኦል ግን ስም ሰጥቶ «ቀንድ አውጣ» ብሎታል፣
ቤቱን ተሸክሞ የት አባቱ ይደርሳል።

ውኃ እኔ ስልሳ ሊትር፣ እሱ ሰማንያ።
«ምን ልናርስበት ነው?»
«ራዲያተሩም ሰው ነው፣
ጠማኝ አይልም እንጂ።»
የጎማው አየር ደግሞ መቀነስ አለበት፣
አሸዋ የሚያልፈው ጎማ ሲላላ ነው አሉት።
ይህንንስ እኔም ከማንም አልተማርኩት፤
ትንሽ ተንፍሼ ነው ስንቱን ያለፍኩት።
አካፋ፣ ገመድ፣ ሳንቃ፣ ሽሮው በፌስታል፣
የናኦል መነጽር፣ እግሩ በፕላስተር ታስሯል፤
ኢቃማዬን አየሁ፣ አርባ ቀን ይቀረዋል።

ሦስት ጊዜ አቅደን ሦስት ጊዜ ቀረ።
መጀመሪያ የሲፈን ትምህርት ቤት ጨመረ፤
ቀጥሎ የወንድሜ ሚስት ታማ ላክንላት፤
ሦስተኛው... ምን ነበር? ሁለታችንም ረሳናት።
ብቻ ያ ሁሉ ብር የሄደበት ስፍራ
በየትም ካርታ ላይ ስሙ አይጠራ።

የፈቃዱን ቅጽ ሲፈን ሞልታዋለች፣
በዐረብኛ ፊደል፣ እኛን አስንቃለች፤
አንድ መስመር ብቻ ባዶውን ትታለች፦
የጉብኝቱ ዓላማ።
«ይኼን አባዬ ይሙላው» ብላ ተኝታለች።

ቦሩ እርሳሱን ነክሶ ዝም አለ፣ ቆየና
እንዲህ አለኝ፣ ዓይኑን ካርታው ላይ ጣለና፦

«መተሐራ አባቴ የሸንኮራ ዘበኛ፣
ፓርኩ ከመንገድ ማዶ፣ ከመንገድ ወዲህ እኛ።
መኪና ያለው ይገባል፣ ላንድሮቨር ያለው፤
እኛ የጎበኘነው አቧራውን ነው።
ሳላ አለ ይሉናል፣ ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ያለ፣
ማታ ማታ ወጥቶ አጥሩ ሥር የዋለ፤
እኔ ስደርስ ግን ኮቴው ብቻ አለ።
ሳላ ሳላይ አደግሁ። ሳላ ሳላይ ጎረመስሁ።
ሳላ ሳላይ አንቺን አገኘሁ፣ ባሕር ተሻገርሁ።»

ሳቅኩበት መጀመሪያ። ሰው እንዴት ጎረቤቱን
ሳያይ አገር ለቆ፣ ከፍሎ ያያል አምሳያውን?
«የዚህኛው ነጭ ነው አሉ፤ የናንተው ግራጫ።»
«ዘመዱ ነው» አለ። «ባለቤቱ ቢያመልጥ፣ ዘመዱን
ሰላም ብዬ እመለሳለሁ።»

እርሳሱን አነሣና ባዶው መስመር ላይ
በአማርኛ ጻፈ፦ ሳላ ለማየት።
ጠዋት ሲፈን ናት የምትተረጉምለት፤
ቃሉን ታውቀው ይሆን? እኔ ያወቅሁት
ዛሬ ነው፣ በዚህ ሌሊት።

ከታች የካራቫኑ በር ይንኳኳል፣ ነፋስ ነው።
«ልሰረው» ብሎ ወረደ፣ ገመድ ይዞ።
አምስት ደቂቃ። አሥር። ሃያ ሆነው።

በመስኮት ጎንበስ አልሁ።
ከቆሻሻው ገንዳና ከመስጊዱ አጥር መሐል
ቦሩ መሪውን ይዞ፣ መብራት ሳያበራ ተቀምጧል፤
ሞተሩ አልተነሣም፣ ማርሽ ግን ይቀይራል።

አልጠራሁትም።
ባልዲው ሞልቶ ነበር፤ ሄጄ ደፋሁት።